ሥጋም ደመወዝ ነው አሉኝ

ከሶዶ የወጣሁት ቤታችን ሙሉ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ ነው። የሰፈራችን የጸሎት ቡድን ሐሙስ ማታ በየተራ በየቤቱ ይሰበሰባል፤ የዚያን ሳምንት ተራ የእኛ ሆነ። "ቀኑን እናዛውረው" ብዬ ነበር፤ እናቴ ግን "ተይው፤ ሰው ሲበዛ ማን ገባ ማን ወጣ አይታወቅም" አለችኝ። ስለዚህ ቦርሳዬን ጓሮ እንሰቱ ስር ደብቄ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። የሚጸልዩት ሽማግሌ አንዴ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። ስለ አገር፣ ስለ ዝናብ፣ ኦቶና ሆስፒታል ስለተኙት ሕሙማን ጸለዩና "ጌታ ሆይ፣ መንገደኞችን" ሲሉ ተነሳሁ። እናቴ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። አልተቃቀፍንም፤ አላለቀሰችም። በአገጯ ወደ ውጭ አመለከተችኝና መልሳ ጨፈነች። ባጃጅ ውስጥ ስገባ "አሜን" የሚለው ድምፅ ከቤት ተከትሎኝ ወጣ፤ ለእኔ ይሁን ለሌላ መንገደኛ እስካሁን አላውቅም።

ሶዶ፣ ሻንቶ ወይም በዴሳ ሰርግ የደገሳችሁ ሰዎች ምናልባት ታውቁኛላችሁ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቆማ፣ ወንበሩን ሚዜዎች ይዘውላት ካሜራ ከፍ አድርጋ የምትቀርጸው ቀጭኗ አስቴር እኔ ነኝ። ጫማዬን አውልቄ አይሱዙ ጣሪያ ላይ ወጥቻለሁ። በዴሳ አንድ ሰርግ ላይ የማንጎ ዛፍ ላይ ወጥቼ፣ ሰው ሙሽራዋን ትቶ እኔን ሲያይ ዋለ። ምን ላድርግ፣ ከላይ የተቀረጸ ሰርግ ሌላ ነገር ነው፤ ሰልፉም፣ ጃንጥላውም፣ የሚጨፍረው ክብም ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ ይታያል። የስቱዲዮው ባለቤት ጋሽ ጴጥሮስም ይህን ስለሚያውቁ በዘመድ በኩል ከዱባይ ድሮን አስመጡ። ድሮኑ አዲስ አበባ ኤርፖርት ደረሰ፤ ከኤርፖርቱ ግን አልወጣም። ፈቃድ የለውም ተብሎ ተያዘ። ጋሽ ጴጥሮስ ለማስለቀቅ ሲመላለሱ ደከማቸውና "እንግዲህ ወንበርሽ ላይ ውጪ" አሉኝ። ብዙም ሳይቆይ ሰው ሰርጉን በስልክ መቅረጽ ጀመረ፤ ስቱዲዮውም ተዘጋ።

ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ ያኔ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ነበረው። "ነይ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ሱቁ ሁለት ሰው ይፈልጋል" ይለኝ ነበር። ቪዛ ሞከርኩ፣ አልተሳካም። ቀጥሎ የሆነውን ከወላይታም፣ ከሀዲያም፣ ከከምባታም የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሀዋሳ፣ ዲላ፣ ሞያሌ፤ ከሞያሌ በኋላ የቦታ ስም የሚነግርህ ሰው የለም፣ "ውረዱ" እና "ተኙ" ብቻ ነው። ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ ልናገር። አብሮን ኤልያስ የሚባል የሻንቶ ልብስ ሰፊ ነበር፤ መንገድ ላይ የሁላችንንም የተቀደደ ልብስ እየጠቀመ ያስቀን ነበር። ሞዛምቢክ ጫካ ውስጥ ውሃ ፍለጋ ብሎ ከእኛ ተለየና አልተመለሰም። መጮህ ስለማይቻል ስሙን በሹክሹክታ ጠራነው። በሹክሹክታ የተጠራ ሰው እንዴት ይሰማል? ደላላው "የቀረ ቀረ" አለና ተነሳን። ከዛፍ ወደ ዛፍ እያየሁ ስሄድ፣ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ቢኖር አየው ነበር እያልኩ አስብ ነበር። ግን ጫካው ያለው ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ነበር።

ማርቆስ ያለበት ከተማ በምሥራቃዊ ኬፕ ክፍለ ሀገር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ ውስጡ እንደ ጠርሙስ ክዳን ጠቅ የሚል ድምፅ ስላለው በእኛ ፊደል አልሆነልኝም። ሰዉ ደግ ነው፣ ነፋሱ ክፉ ነው። እኛ ጊፋታን፣ የወላይታን ዘመን መለወጫ፣ ስናከብር እዚያ ብርዱ ገና መውጣቱ ነው፤ እናንተ በጋ ስትሉ እነሱ ዝናብ ይላሉ። ፓፕ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ግን ቅቤ የለ፣ ሚጥሚጣ የለ፣ ነጭ ዝም ያለ ነገር ነው። ሥጋ ይጠብሳሉ፣ ሲጠብሱ አይታሙም፤ ዳታ የምንለውን የቃሪያ ማባያ ግን አያውቁም። ከማርቆስ ጋር የእነሱን ቃሪያ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ፈጭተን ሞከርነው። ማርቆስ ቀመሰና ደግሞ ቀመሰ። "ዘመዱ ነው" አለ በመጨረሻ፣ "ራሱ ግን አይደለም።"

ሱቁ እነሱ ስፓዛ የሚሉት ነው፤ ከፊት ለፊቱ ከላይ እስከ ታች ብረት ነው። ዳቦና ስኳር በብረቱ መካከል ታቀብላለህ። የሚገዛህ ሁሉ "ማይ ፍሬንድ" ይልሃል፤ ስምህን የሚጠይቅህ ግን የለም። የምንኖረው ከሱቁ ጀርባ፣ የአከራያችን የማማ ኖምሳ ግቢ ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ነው። ማማ ኖምሳ ባሏ የሞተባት ትልቅ ሴት ናት፤ ሰፊ፣ ድምፀ ወፍራም፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ቀይ ጃኬት የምትለብስ። እኔን "ሲሲ" ትለኛለች፣ እህቴ እንደማለት ነው።

የራሴን ድሮን ያገኘሁት እንዲህ ነው። ወደ አውስትራሊያ ሊሄዱ የተነሱ ባልና ሚስት ዕቃቸውን በራፋቸው ላይ ዘርግተው ይሸጡ ነበር። ማርቆስ ፍሪጅ ሊገዛ ሄደና እኔም ተከተልኩ። ከመጥበሻዎች መካከል አንድ ግራጫ ሻንጣ ነበር። ስከፍተው ውስጡ ድሮን ነው። ማርቆስ ፊቴን አየና "ፍሪጁ ይቆይ" አለ። ይህን ቃሉን እስክሞት አልረሳለትም፤ ያን በጋ በሙሉ ወተት ይበላሽብን ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሱቁ ዝም ሲል፣ ከከተማው ውጭ ወዳለው ባዶ የኳስ ሜዳ እየሄድኩ ማብረር ተማርኩ። መጀመሪያ ከሰው ቁመት አላለፍኩም። ከዚያ እንደ ባሕር ዛፍ። ስክሪኑ ላይ ሜዳው፣ አጥሩ፣ የእኔ የራሴ ጥላ ታየኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ዕድሜዬን ሁሉ ወንበር ላይ ቆሜ ስንጠራራለት የኖርኩት ቦታ ይሄ ነው አልኩ።

ማማ ኖምሳ ግን ግቢው በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ሲሲ፣ ያ ነገር የተሰጣ ልብሴን ያያል?"

"አያይም፣ ማማ። ሜዳ ላይ ነው የማበረው።"

"እንግዲያው የጎረቤቴን ልብስ እይልኝ። አንድ አንሶላዬ ጠፍቷል።"

ከከተማው ወጣ ብሎ ሚስተር ኩስ የሚባሉ በግ አርቢ አሉ። ሱቃችን ሲጋራ ሊገዙ ሲመጡ ሜዳው ላይ አይተውኝ ኖሮ "ያ ድሮን በግ ያያል?" አሉኝ። አጥር ተሰብሮ በጎቻቸው ወደ ገደላ ገደሉ ገብተውባቸዋል። እሑድ ሄድኩ። ከላይ ሲታይ በግና ድንጋይ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በግ ትንሽ ቆይቶ ይነቃነቃል። ስለዚህ አልቸኮልኩም፤ አንድ ቦታ ላይ አቁሜ መጠበቅ ነው። ከገደሉ ጀርባ፣ ውሃ የሸረሸረው ቦታ ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። ሚስተር ኩስ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ፤ ከእሳቸው ያየሁት ትልቁ ምስጋና እሱ ነው። በማግስቱ የታረደ ግማሽ በግ በፕላስቲክ ጠቅልለው ሱቅ ድረስ አመጡልን። ማርቆስ ጠበሰው። ዘመዱ ከሆነው ዳታ ጋር በላነው፤ ለማማ ኖምሳም ላክንላት።

ሚስተር ኩስ ደግሞ ወሬውን በየገበሬው ነዙት። ወሬው በጎረቤት ከተማ ካለ፣ በፈቃድ የድሮን ሥራ ከሚሠራ ሰው ጆሮ ደረሰ፤ ሰውዬው ለፖሊስ አመለከተ። እውነት ለመናገር አልተቀየምኩትም፤ ፈቃዱን ለማግኘት ምን እንዳየ ያኔ ባላውቅም አሁን አውቃለሁ። ፖሊስ ጣቢያ ተጠራሁ። ማርቆስ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ ሄደ። የስደተኛ ወረቀቴ የሚታደስበት ጊዜ ቀርቦ ነበር፤ በፋይሌ ላይ አንድ ክስ ከተጻፈ ምን እንደሚከተል ሁለታችንም እናውቃለን።

ሳጅኑ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚናገር፣ የማይቸኩል ሰው ነው።

"ድሮኑ ያንቺ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"ለምንድን ነው የምታበሪው?"

"ለደስታዬ።"

"የሚስተር ኩስን በጎች የፈለግሽውም ለደስታሽ ነው?"

"ሲገኙ ደስ ብሎኛል።"

"ተከፍሎሻል?"

"አልተከፈለኝም።"

"ምንም?"

"ግማሽ በግ ሰጥተውኛል።"

ሳጅኑ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ግማሽ በግ ክፍያ ነው።"

"ስጦታ ነው እንጂ።"

"በጎቹን ባታገኚላቸው ይሰጡሽ ነበር?"

ሚስተር ኩስን አሰብኳቸው። "አይመስለኝም" አልኩ።

"እንግዲያው ደመወዝ ነው። ደመወዝ ካለ ኮመርሻል ነው፤ የንግድ በረራ ማለት ነው። ኮመርሻል ከሆነ የፓይለት ፈቃድ ያስፈልግሻል።"

"የምን?"

"የፓይለት።"

"ሳጅን፣ እኔ አውሮፕላን ላይ እንኳ ተሳፍሬ አላውቅም። ከኢትዮጵያ እዚህ ድረስ የመጣሁት በመሬት ነው።"

ማርቆስ እግሬን ረገጠኝ። እንዴት እንደመጣሁ መናገር የለብኝም ነበር። ሳጅኑ ግን አልጻፈውም፤ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና አየኝ። "ሥጋው ቢመለስስ?" አልኩት።

"የት አለ?"

"በልተነዋል።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ በጥሞና አስረዳኝ። ሰው ለራሱ ደስታ፣ ቀን፣ ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑ እያየው፣ ከሰውና ከቤት አርቆ ካበረረ ማንም አይነካውም። ለሌላ ሰው ሥራ አብርሮ ጥቅም ካገኘ ግን፣ ጥቅሙ ገንዘብም ይሁን ሥጋ፣ በሕጉ ፊት ያው ከአብራሪ እኩል ነው። "ማሽኑ አንድ ነው፣ ሰማዩም አንድ ነው" አለ፣ "ልዩነቱ ሆድሽ ውስጥ ያለው በግ ነው።" በማስጠንቀቂያ ለቀቀኝ።

ቤት ስንደርስ ማርቆስ ሻንጣውን ከአልጋ ስር አወጣው። "እንሽጠው" አለ። "እዚህ አገር እኛ ዝቅ ብለን ነው የምንኖረው አስቴር። አንቺ ደግሞ ካልበረርኩ ትያለሽ።"

"ፈቃዱን አወጣለሁ።"

"ምን ብለሽ? በየትኛው ወረቀት?"

"በያዝኩት።"

"እሱን ወረቀት ባንክ እንኳ አይቀበለውም።"

"ባንክ መግባት አልፈለግኩም" አልኩት። አነጋገሬ እናቴን መሰለኝ። ለማርቆስም እሷን ሳልመስለው አልቀረሁም፤ ሻንጣውን መልሶ ከአልጋው ስር ገፋው።

የድሮን ትምህርት ቤቱ ያለው በትልቁ ከተማ ነው፤ ታክሲ የሚሉትን ሚኒባስ ተሳፍሮ ግማሽ ቀን ነው። ታክሲያቸው ከእኛ በምን እንደሚለይ ልንገራችሁ፤ ረዳት የለውም። ሒሳብ ከኋላ ወደ ፊት በተሳፋሪው እጅ እየተቀባበለ ሹፌሩ ጋ ይደርሳል፣ መልሱም እንዲሁ ወደ ኋላ ይመጣል። ሶዶ ብናደርገው ምን እንደሚደርስ አሰብኩና ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ወረቀቴን በሁለት ጣት ያዘችው።

"ፓስፖርት የለሽም?"

"የለኝም።"

"ይሄ ወረቀት በጥቂት ወር ያልቃል።"

"ይታደሳል።"

"ካልታደሰስ? ፈቃዱ ካንቺ ይልቅ ዕድሜ ይኖረዋል ማለት ነው።"

"ምንም አይደለም፤ ከእኔ የሚቆይ አንድ ነገር ይኑረኝ" አልኳት። እንግሊዝኛዬ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ከውስጠኛው ክፍል ግን አንዲት ሴት ሳቀች። ፀጉሯ ነጭ፣ ፊቷ ፀሐይ የበላው፣ ማርሊዝ ትባላለች። በወጣትነቷ የእርሻ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ታበር ነበር፤ አሁን ድሮን ታስተምራለች። ወረቀቴን ከጸሐፊዋ ተቀብላ አነበበችው። "እስከሚያልቅበት ቀን ድረስ ሕጋዊ ናት" አለች። "እስከዚያ ቀን ትማር።"

ከዚያ በኋላ ፈተና በፈተና ሆነ። ሐኪም ዓይኔንና ጆሮዬን መረመረኝ፤ "ከፍታ ያዞርሻል?" ሲለኝ የበዴሳውን ማንጎ ነገርኩት። የእንግሊዝኛ ፈተና ነበር፤ የአየር ሕግ፣ የአየር ጠባይ፣ የካርታ ንባብ ነበር። የሬዲዮ ንግግር ደግሞ አለ፤ ፊደል በፊደሉ አይጠራም፣ ለኤ፣ ለቢ፣ ለሲ አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ ይባላል። እሱን ሱቅ ውስጥ ነው ያጠናሁት። በእንግሊዝኛ ስማቸው መጀመሪያ ፊደል፣ ዳቦ ሳቀብል ብራቮ፣ ስኳር ሳቀብል ሲዬራ እላለሁ። ደንበኞቹ መጀመሪያ አበደች አሉ፣ ቆይተው ለመዱት፤ አንዲት ትምባሆ የምታላምጥ አሮጊት በብረቱ መካከል እጇን እያስገባች "ታንጎ" ትለኝ ጀመር። ማይ ፍሬንድ የሚለው ቀረና "ካፒቴን" ሆንኩ።

ትምህርቱን ሳልጨርስ ክረምታቸው ገባ፣ በእኛ ሐምሌ አካባቢ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማማ ኖምሳ ያለ ጫማ ወደ ሱቁ መጣች። ታላቅ ወንድሟ ታታ ሲፖ አብሯት ይኖራል፤ እርጅና አእምሮውን ወስዶበት የራሱን ቤት የሚረሳ፣ ግን ከሰው ሁሉ ጋር ሰላምታ የሚለዋወጥ ሽማግሌ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ሲፈልግ ውሏል።

"ሲሲ፣ ያን ነገር አምጪው" አለችኝ።

ማስጠንቀቂያ ላይ ነኝ፣ ፈቃዴ ገና ነው፣ ፈተና ፊቴ ነው። ስልኬን አንስቼ ሳጅኑ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ሰማኝና "የሚከፍልሽ አለ?" አለ።

"የለም።"

"ሥጋ?"

"የለም።"

"ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? አብሪ። ግን ዓይንሽ ሊያየው ከሚችለው እንዳታርቂው፣ ሳይመሽም አውርጂው።"

ከማማ ኖምሳ ጋር ከከተማው ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ሄድን። ሰዉ ከታች ስሙን እየጠራ ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ያለ ፍርሃት። ያ ጩኸት ኤልያስን አስታወሰኝ። እኛ እንዲህ መጮህ አልቻልንም ነበር። ድሮኑን አነሳሁ። ቁጥቋጦ፣ ድንጋይ፣ የከብት መንገድ። እኔም ከስሩ እየተራመድኩ፣ ማማ ኖምሳ ክንዴን ይዛ፣ እንዳልወድቅ መንገዱን እያየችልኝ። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስትጠጋ የድንጋዩ ጥላ እየረዘመ ሁሉም ነገር ሰው መሰለኝ። ባትሪው ሊያልቅ ሲል አንድ ድንጋይ አየሁ። በበጎቹ ጊዜ እንዳደረግሁት አቆምኩና ጠበቅኩ። ድንጋዩ እጁን አነሳ። ታታ ሲፖ ለድሮኑ ሰላምታ እየሰጠ ነበር።

ውሃ በሸረሸረው ቦይ ውስጥ ተቀምጦ ነው ያገኘነው፤ እግሩ ተጣምሟል፣ በብርድ ከንፈሩ ደርቋል፣ ግን ደህና ነው። ማማ ኖምሳ አጠገቡ ተቀምጣ መጀመሪያ ተቆጣችው፣ ከዚያ አለቀሰች።

በወሩ መጀመሪያ ኪራይ ልሰጣት ስሄድ እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

"ከአንቺ አልቀበልም። ወንድሜን አግኝተሽልኛል።"

"ማማ፣ መቀበል አለብሽ።"

"ቤቱ የእኔ ነው፣ አልቀበልም ካልኩ አልቀበልም።"

"ኪራዩን ከተውሽልኝ ተከፈለኝ ማለት ነው። ከተከፈለኝ ኮመርሻል ነኝ። ኮመርሻል ከሆንኩ ሳጅኑ ይጠራኛል።"

"ይሄን ሕግ ያወጣው ሰው እናት አለው?" አለችና ገንዘቡን ተቀበለች። ማታ አንድ ድስት ሾርባ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆማ "ይሄ ለማርቆስ ነው" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ፖሊስ ከአጥሩ ጀርባ እንዳለ። "አንቺ ብትቀምሺ እኔ አላየሁም።"

የተግባር ፈተናውን መጀመሪያ ወደቅኩ። ነፋስ ነበር፤ ማሽኑን ደህና አድርጌ አሳረፍኩት፣ ግን ሳሳርፍ ጮክ ብዬ መናገር ያለብኝን ረሳሁ። ማርሊዝ "ጎበዝ ሆነሽ አብርረሻል፤ ድዳ ሆነሽ ወድቀሻል" አለችኝ። ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ቤቴ ድረስ ቃላቱን ጮክ ብዬ ስደጋግም መጣሁ፤ አጠገቤ የነበረችው ሴት ቦታ ቀየረች። ሁለተኛ ስፈተን ድምፄ በሜዳው ተሰማ። አለፍኩ።

ፈቃዱን ስቀበል ፎቶዬን አየሁ፤ ስሜ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፣ ፓይለት ይላል። ማርሊዝ እጄን ከጨበጠች በኋላ "አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትመቺኝ" አለች። ፈቃዱ ብቻውን ሥራ አያሠራም። የሚያሠራሽ ድርጅት ደግሞ የራሱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ እሱን ለብቻሽ ለማውጣት ዓመታት ነው አለችኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ታዲያ ምን ላድርግ ስላት፣ "እኔ ዘንድ ሥሪ" አለች። "የእኔ ድርጅት አለው። ግን ወረቀትሽ እስካለ ድረስ ብቻ።"

አሁን እሷ ዘንድ እሠራለሁ። ሳምንቱን አጥር፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ የፍራፍሬ እርሻ ከላይ እናያለን፤ ቅዳሜና እሑድ ሱቅ ነኝ። ወረቀቴ በየጊዜው ለአጭር ጊዜ ብቻ ይታደስልኛል። በታደሰ ቁጥር ማርሊዝ ጋ እወስደዋለሁ፣ እሷም የሚያልቅበትን ቀን አይታ "ሥሪ" ትለኛለች። ወረቀት ማደሻው ሰልፍ ላይ የማገኛቸው የአገሬ ልጆች "በዚህ ወረቀት ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን?" ይሉኛል። በዚህ ወረቀት መቀመጥም ያው ልፋት ነው እላቸዋለሁ። እናንተም ለመምጣት የምታስቡ፣ ኑ አልልም፣ ቅሩም አልልም። መንገዱን ግን አይቼዋለሁ፤ ኤልያስ የቀረበት ነው።

እሑድ ዕለት እናቴ ጋ ደወልኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "የአስቴር እናት፣ ልጅሽ አውሮፕላን ታበራለች አሉ" ብለዋት ኩራቱም ግራ መጋባቱም አልለቀቃትም።

"ስንት ሰው ይይዛል?" አለችኝ በወላይትኛ።

"እማ፣ ሰው አይይዝም። ትንሽ ነው፣ እንደ ሰፌድ።"

"አንቺስ የት ትቀመጫለሽ?"

"መሬት ላይ ቆሜ ነው።"

"ሎኦ" አለች፣ ጥሩ ማለቷ ነው፤ ከእሷ ትከሻ አንድ ሸክም የወረደ ይመስል። "እንግዲያው አትወድቂም።" ቀጠለችና "ይዘሽው ነይና የእኛን ሰፈር አሳዪኝ" አለች።

ምን ልበላት? ድሮኑ ኤርፖርት ይቀራል። እኔም ከወጣሁ በዚህ ወረቀት ወደዚህ አልመለስም። ለመብረር ፈቃድ አለኝ እማ፣ ለመምጣት ነው ያጣሁት ልላት ነበር፤ ዋጥኩት። "አንቺ አሳዪኝ" አልኳት። "አሁን ደጅ ውጪና የሚታይሽን ንገሪኝ። ዳሞታ ይታያል?"

"ከደጃችን እኮ አይታይም አሁን። ጎረቤት ፎቅ ሠርቷል፣ ተራራውን ጋርዶታል።"

ይህን አልነገረችኝም ነበር። አሥር ጊዜ ደውያለሁ፣ መቶ ጊዜ ደውያለሁ፣ ማንም አልነገረኝም።

"ከመንገዱ ጥግ ግን ይታያል፤ ቆይ ልሂድ" አለች። ስልኩን እንደያዘች ስትራመድ ይሰማኛል፤ ጫማዋ ጭቃ ላይ፣ የባጃጅ ድምፅ፣ ሰው "ሳሮ" ብሎ ሰላም ሲላት፣ እሷም ስትመልስ። ትንፋሿ ድሮ እንዲህ አያጥርም ነበር።

"ደረስኩ" አለች። "ደመና ነው። ሁሉም ነጭ ነው።"

"እሺ እማ፣ ተመለሺ፣ ይበርድሻል።"

"ቆይ፣ ትንሽ ቆይ። ከበታቹ እየተገለጠ ነው መሰለኝ። አትዝጊው።"

ሱቁ ብረት ላይ አንድ ደንበኛ በሳንቲም አንኳኳ። በእጄ ቆይ አልኩት፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ።